የተማሩት ፊደል እንዳይጠፋ፦ ከጅማና ከቡና ከተሞቿ የምንማረው

በዚህ ጥናታዊ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው። በአገራችን ጎልማሶችን ፊደል ለማስቆጠር ብዙ ተደክሟል፤ ድካሙም ፍሬ አፍርቷል። ይሁን እንጂ በአንድ ወቅት ፊደል ቆጥረው፣ ተፈትነው፣ የምስክር ወረቀት ከተቀበሉት ጎልማሶች መካከል ዛሬ አንዲት አጭር ማስታወቂያ ማንበብ የሚሳናቸው ጥቂቶች አይደሉም። የተማሩት ፊደል ወዴት ሄደ? መልሱን ለመፈለግ ዓይናችንን ወደ ጅማና በዙሪያዋ ወዳሉት የቡና ከተሞች፣ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ሰቃ፣ ወደ ሰርቦ እናቀናለን። በእነዚህ ሥፍራዎች ፊደል ከገበያ፣ ገበያም ከቡና ጋር ስለ ተሳሰረ፣ የማንበብ ጥቅምም ያለማንበብ ጉዳትም በግልጽ ይታያል።

ሀ. በሚዛን ፊት የቆመች እናት

ጊዜው የኅዳር ወር ነው እንበል። ቡናው ቀልቷል፤ ቤተሰቡ በሙሉ በለቀማ ላይ ነው። አንዲት እናት ከንጋት ጀምራ የለቀመችውን እሸት ቡና በጆንያ ተሸክማ ወደ መረከቢያው ትደርሳለች። ጆንያው በሚዛን ላይ ይወጣል፤ መዛኙ ቁጥር ይጠራል፤ ጸሐፊው በደረሰኝ ላይ ያሰፍራል፤ እናቲቱም አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ ታትማለች። ከዚያም ደረሰኙን አጣጥፋ በመቀነቷ ቋጥራ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

የዓመት ድካሟ በዚያች ቁራጭ ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ ወረቀቷ ግን ለእርሷ አትናገርም። መዛኙ ቅን ሰው ከሆነ አልተጎዳችም። ተሳስቶ ወይም ሆን ብሎ ቁጥር አዛብቶ ከሆነ ግን የምታውቅበት መንገድ የላትም። የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ከሆነች ደግሞ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ማኅበሩ ቡናውን ሸጦ ትርፍ ሲያገኝ ለአባላቱ እንዳስረከቡት መጠን የትርፍ ድርሻ ያከፋፍላል። ይህን ድርሻ በትክክል ለመጠየቅ ደግሞ ከወራት በፊት የተቀበለቻቸውን ደረሰኞች ማንበብና መደመር ያስፈልጋታል።

ሒሳቡም ቀላል አይደለም። ከእሸት ቡና አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልጋል። በፀሐይ ከደረቀው ጀንፈል ግን 2 ኪሎ ያህል ይበቃል። በዚህ ላይ የቡና ንግዳችን ከኪሎ ጎን ለጎን የሚጠቀምበት ጥንታዊ መስፈሪያ አለ፤ እርሱም ፈረሱላ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። 75 ኪሎ ያመጣ ገበሬ 4 ፈረሱላ ከ7 ኪሎ አምጥቷል ማለት ነው። በ17 ማካፈል የማይችል ሰው «አራት ፈረሱላ» ተብሎ ሲነገረው አራቱን ይሰማል፤ ሰባቱን ኪሎ ግን ማን ያስታውስለታል?

ከሚዛኑም ውጭ ወረቀት ብዙ ነው። በክረምት፣ የቡናው ገንዘብ አልቆ ጎተራውም በሚጎድልበት ጊዜ፣ ገና ያልተለቀመ ቡናን አስይዞ መበደር የተለመደ ነው፤ የብድሩን ውል የሚያነበው ግን አበዳሪው ነው። የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ባልና ሚስት በጋራ እንዲመዘገቡ ያደርጋል፤ ማንበብ የማትችል ሚስት ስሟ በትክክል መስፈሩን የምታረጋግጠው በሌላ ሰው ዓይን ነው። የሕፃን የክትባት ካርድ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ፣ የእድር መዝገብ፣ ሁሉም በፊደል የተዘጉ በሮች ናቸው።

ለ. ከእኛ በፊት የተደከመው

ፊደል ወደ ጅማ ምድር የመጣው በቅርብ ጊዜ አይደለም፤ በልዩ ልዩ በሮች ገብቷል። በቤተ ክርስቲያን አጸድ ሕፃናት ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው ሀሁን ይቆጥራሉ፤ አቡጊዳን ይለያሉ፤ ከዚያም በመልእክተ ዮሐንስ ንባብ ጀምረው እስከ ዳዊት ይደርሳሉ። በአንጻሩ ጅማ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የታወቀች የእስልምና ትምህርት ማእከል በመሆኗ፣ በየመንደሩ ያሉ የቁርኣን ትምህርት ቤቶች ልጆችን የዐረብኛ ፊደል ሲያስተምሩ ኖረዋል። እንግዲህ በእነዚህ ከተሞች «መሃይም» የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ ፊደል ፈጽሞ ያላየ ሰው አይደለም። አንዱን ፊደል በልጅነቱ ያወቀ፣ ነገር ግን ያ ፊደል በገበያና በቢሮ የማያገለግለው ሰው ነው።

መንግሥትም በየዘመኑ ደክሟል። በ1948 ዓ.ም. የፊደል ሠራዊት ተቋቁሞ በጎ ፈቃደኞች ጎልማሶችን በአማርኛ ማስተማር ጀመሩ። በ1965 እ.ኤ.አ. በቴህራን የተሰበሰቡት የዓለም የትምህርት ሚኒስትሮች የጎልማሶች ትምህርት ከሥራ ጋር መያያዝ እንዳለበት ከተስማሙ በኋላ፣ ዩኔስኮ በ11 አገሮች የሙከራ ፕሮግራም አካሄደ። ኢትዮጵያ ከእነርሱ አንዷ ነበረች፤ ቡና አምራቹ የጅማ አካባቢም ከሙከራው ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። የሙከራው ሐሳብ እጅግ ትክክለኛ ነበር፤ ገበሬው ፊደሉን የሚማረው ስለ ቡናው እየተማረ ነው፤ የንባብ መጽሐፉም የእርሻ መጽሐፉ ነው።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታወጀና የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ ገጠር ተሠማሩ። ከዚያም ከሁሉ የሚበልጠው መጣ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ያልተማረው እንዲማር፣ የተማረውም እንዲያስተምር ጥሪ ተላለፈ። ተማሪውና መምህሩ፣ የቢሮ ሠራተኛውና የቤት እመቤቷ አስተማሪዎች ሆኑ። በዛፍ ጥላ፣ በዳስ፣ በኩራዝ ብርሃን፣ ከአያት እስከ የልጅ ልጅ ድረስ በአንድ ሰሌዳ ፊት ተቀመጡ። ትምህርቱ በጥቂት ቋንቋዎች ተጀምሮ ወደ 15 ቋንቋዎች ደረሰ፤ አፋን ኦሮሞም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ተቀበለ።

ይህን ድካም ማቃለል አይገባም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው የጻፉት በዚያን ጊዜ ነው። ጥያቄያችን የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ስማቸውን ከጻፉ በኋላ ምን አነበቡ?

ሐ. ሦስት ፊደል በአንድ ገበያ

በዘመቻው ጊዜ አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። ይህም አዲስ ነገር አልነበረም፤ በ1899 እ.ኤ.አ. አናሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በዚሁ ፊደል ነው። በ1984 ዓ.ም. ግን የአፋን ኦሮሞ ጽሕፈት ቁቤ በተባለው የላቲን ፊደል እንዲሆን ተወሰነ።

ለውጡ የቋንቋ ምክንያት ነበረው። የግእዝ ፊደል የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አያሳይም። እኛም በአማርኛ «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉን ይሁን «ገና ነው» ማለታችን አንባቢው ከአገባቡ ይለያል እንጂ ከፊደሉ አያውቅም። በአፋን ኦሮሞም «በዳ» ሲጠብቅ ደጋ፣ ሲላላ ደግሞ መጥፎ ማለት ነው። ቁቤ ይህን በግልጽ ይለያል። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ የተደረገውም ለመማር ጥቅም ያለው ነገር ነው።

ነገር ግን በዘመቻው ጊዜ የተማረችውን ጎልማሳ እናስብ። በ1973 ዓ.ም. የ30 ዓመት ሴት ሳለች በቋንቋዋ፣ በግእዝ ፊደል ማንበብ ተማረች። አሥር ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ የቀበሌው ማስታወቂያ፣ የልጇ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የጤና ጣቢያው ጽሑፍ ሁሉ በሌላ ፊደል ሆነ። ቋንቋው የእርሷው ነው፤ ቢነበብላት ሁሉን ትረዳለች። ፊደሉ ግን እንግዳ ነው። የምታውቀው ፊደል የሚገኘው ደግሞ በአማርኛ በተጻፈው ላይ ነው፤ እርሱን ፊደሉን ብትለይም ቋንቋውን በሙሉ አትረዳውም። በፈተና ተሸንፋ አይደለም ከአንባቢዎች ተራ የወጣችው፤ ዓለሙ ፊደሉን ቀይሮባት እንጂ። በአዲሱ ፊደል እንደገና ያስተማራት ካልተገኘ፣ ዘመቻው የሰጣት ሀብት በእጇ ላይ እያለ ከገበያ ወጣ።

በእኛ ዘመን በአጋሮ ወይም በጅማ ገበያ መካከል የሚያልፍ ሰው ሦስቱንም ፊደላት ያያል። በሱቁ በር ላይ ግእዝና ላቲን ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ በመስጊዱ በር ላይ ዐረብኛ አለ። ይህ የአካባቢው ሀብት ነው። ለሚረዳ ወገን ግን ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለው። «ማንበብ ትችላለህ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ በቂ አይደለም፤ «በየትኛው ፊደል? በየትኛው ቋንቋ? ምን ለማንበብ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መ. ማወቅና መርሳት

የፊደል ለውጥ ባይኖርም ያልተሠራበት ዕውቀት ይረሳል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ማንበብ የቻሉት ከመቶ 42፣ ከወንዶች ደግሞ ከመቶ 69 ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ጥናት ጥሩ ልማድ አለው፤ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ያልተማረውን ሰው «ተምረሃልን?» ብሎ አይተወውም፤ በካርድ ላይ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ሰጥቶ እንዲያነብ ይጠይቀዋል። የምዝገባ መዝገብና የምስክር ወረቀት ትናንት ምን እንደ ተደረገ ይነግሩናል፤ ካርዱ ግን ዛሬ ምን እንደ ቀረ ይነግረናል።

የመርሳት ምክንያቱ ምንድን ነው? ሕፃን በትምህርት ቤት ለዓመታት በየቀኑ ያነባል። ጎልማሳ ግን በጥቂት ወራት ትምህርት ፊደል ይለይና ወደ እርሻውና ወደ ጓዳው ይመለሳል። በቤቱ መጽሐፍ የለም፤ ጋዜጣ አይደርሰውም፤ መጻፍ የሚጠይቀው ሥራ የለውም። በመሠረተ ትምህርቱ ዘመን ይህ ተዘንግቶ ነበር ማለት አይደለም፤ የንባብ ቤቶች በየቀበሌው ተከፍተው፣ ቀላል መጻሕፍት ታትመው ነበር። ሆኖም ወረቀት አጠረ፤ ጦርነቱ ሰውንም ገንዘቡንም ወሰደ፤ ሥርዓቱ ሲለወጥ ዘመቻው ቆመ፤ ብዙዎቹ የንባብ ቤቶችም ተዘጉ ወይም ለሌላ አገልግሎት ዋሉ።

ይህ ነገር ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተነገረው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሰረገላው ላይ ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊደሉን ያውቃል፤ መጽሐፉም በእጁ ነው። ፊልጶስ ግን ቀርቦ የጠየቀው ማንበቡን ሳይሆን ማስተዋሉን ነው፤ ጃንደረባውም የሚመራው እንደሚያስፈልገው ሳያፍር መለሰ። በዚያ ታሪክ ሦስት ነገሮች በአንድነት ይገኛሉ፤ እነርሱም የሚያነብ ሰው፣ የሚነበብ መጽሐፍና በመንገዱ አብሮ የሚሄድ መሪ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ትምህርቱ ጎደሎ ይሆናል። የጎልማሶች ትምህርታችን በአመዛኙ የመጀመሪያውን አፍርቶ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሳያዘጋጅ ኖሯል።

ሠ. የሚረዳ ወገን ምን ያድርግ?

መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ባወጣው የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ መሠረት የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የሚባለው ሥርዓት ተዘርግቷል። ፊደልንና ስሌትን ከእርሻ፣ ከጤናና ከገቢ ጋር አጣምሮ ለማስተማር የታሰበ ነው። ስለዚህ አዲስ መንገድ መቅደድ አያስፈልግም፤ በተቀደደው ላይ በማስተዋል መሄድ ይበቃል። ከቡና ከተሞች የምንወስዳቸው ትምህርቶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ *ትምህርቱ ከሚዛኑ ይጀምር።* የመጀመሪያው የንባብ መጽሐፍ ደረሰኙ ይሁን። ተማሪዋ በመጀመሪያ ስሟን፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ ቀጥሎ ኪሎውን፣ ቀጥሎ ዋጋውን በደረሰኙ ላይ ታግኝ። የ17 ስሌት ከማንኛውም የማባዛት ሠንጠረዥ በፊት ይምጣ፤ 17፣ 34፣ 51፣ 68፣ 85። ይህን ያወቀች ሴት በሚቀጥለው የለቀማ ወራት በየሳምንቱ ትለማመደዋለች፤ ስለዚህ አትረሳውም። ጥቅሙን ስላየችም ሁለተኛውን ትምህርት ራሷ ትጠይቃለች።

ሁለተኛ፣ *የትምህርቱ ዘመን የቡናውን ዘመን ይከተል።* ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ጥር፣ ሕፃናት እንኳ ከትምህርት ገበታቸው ወደ ለቀማ ይሄዳሉ፤ ጎልማሳ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። በዚህ ጊዜ የሚከፈት ክፍል ባዶውን ይቀራል፤ ሪፖርቱም «ኅብረተሰቡ ፍላጎት የለውም» ይላል። ፍላጎት ሳይሆን ጊዜ ነው የጠፋው። ከለቀማው በኋላ ያሉት ወራት ለትምህርት ይመቻሉ፤ የለቀማው ጊዜ ደግሞ ለተግባር ልምምድ ይሁን።

ሦስተኛ፣ *ፊደሉንና ቋንቋውን ተማሪው ይምረጥ።* የቀበሌው ጽሑፍ በቁቤ ከሆነና የተማሪዋ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ከሆነ በዚያው ትማር። ቀድሞ በግእዝ ፊደል የተማሩ ካሉ ደግሞ እንደ ጀማሪ አይቆጠሩ፤ ማንበብ ምን እንደ ሆነ ያውቃሉና ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው የሚያሻግር አጭር ትምህርት ይበቃቸዋል። የቁርኣን ትምህርት ቤት ያሳለፉትም እንዲሁ ናቸው። የልማት አገልግሎት ሃይማኖት አይለይም፤ የእነርሱ የልጅነት ንባብ እንደ ዕውቀት ተቆጥሮ ቢከበርላቸው ወደ ክፍሉ በድፍረት ይገባሉ።

አራተኛ፣ *ከትምህርቱ በኋላ የሚነበብ ነገር ከትምህርቱ በፊት ይዘጋጅ።* በጀት ሲያዝ የመጀመሪያው ዓመት ለመምህር፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት ለንባብ ይመደብ። የሚነበበው ውድ መጽሐፍ መሆን የለበትም። የሳምንቱ የቡና ዋጋ በትልቁ ተጽፎ በመረከቢያው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ቃለ ጉባኤ በአባላት ፊት ይነበብ፤ የእድሩና የእቁቡ መዝገብ በየተራ በአባላቱ ይጻፍ። ስለ ቡና በሽታና ስለ ማድረቂያ አልጋ አያያዝ የሚናገሩ ባለ ጥቂት ገጽ ጽሑፎች በቀላል ቋንቋ ይዘጋጁ፤ የቡና ምርምር ማእከልና ዩኒቨርሲቲ ያላት ጅማ ለዚህ የሚሆን ዕውቀት አላጣችም። በእንግሊዝኛ ከተጻፈው ጥናት ወደ ገበሬው የሚደርሰው ግን ጥቂት ነው።

አምስተኛ፣ *ሴቶች በሚገኙበት ሰዓትና ሥፍራ ይሁን።* ውኃ ተቀድቶ፣ ልጅ ተመግቦ፣ እራት ተበልቶ ካልሆነ እናት ከቤት አትወጣም። ነገር ግን በየመንደሩ ቡና ይፈላል፤ ጎረቤት ተጠራርቶ ከአቦል እስከ በረካ ይቀመጣል። በዚያ መካከል አንዲት ማንበብ የምትችል ጎረቤት አንድ ገጽ ብታስነብብ ክፍል ሳይሠራ ትምህርት ቤት ተከፈተ ማለት ነው።

ስድስተኛ፣ *አስተማሪው አይረሳ።* ብዙውን ጊዜ አስተባባሪ ተብሎ የሚመደበው ወጣት ትንሽ አበል ይቀበላል፤ አበሉም ይዘገያል። እርሱ ሲሄድ ክፍሉም ይዘጋል። ሥልጠና፣ ክትትልና በወቅቱ የሚከፈል አበል ከሕንፃና ከጠረጴዛ ይቀድማሉ።

እነዚህ ነገሮች በተግባር ምን ያህል እንደሚያስገኙ የቡና ማኅበራት ራሳቸው ያሳዩናል። በአጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና ገበሬዎች ማኅበር ቡና በ2012 እ.ኤ.አ. በተደረገ የአፍሪካ ቡናዎች የጣዕም ውድድር አንደኛ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ቡና የሚገኘው የቀላው ብቻ ተለቅሞ፣ በጥንቃቄ ታጥቦ፣ የደረሰበት ቀንና መጠን ተመዝግቦ ነው። ጥሩ ቡና ከመዝገብ ጋር የተሳሰረ ነው። እንግዲህ በማኅበር የተደራጁ ገበሬዎች ሁሉ ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ ያስፈልጓቸዋል፤ ከእነዚህም በላይ የጸሐፊውን መዝገብ አንብበው የሚጠይቁ አባላት ያስፈልጓቸዋል። ከጥቂቶች በቀር የማያነብበት ማኅበር በጥቂቶች ቅንነት ላይ ብቻ የቆመ ነው፤ ቅን ሰውም ቢሆን የሚጠይቀው ሲያጣ ይዘነጋል።

ረ. ማጠቃለያ

የዚህ ጥናት ፍሬ ነገር ይህ ነው። ፊደል እንደ ቡና ችግኝ ነው። ችግኙን የተከለ ሰው ሥራውን አልጨረሰም፤ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ጥላና እንክብካቤ ይፈልጋል። ስንት ሰው ተመዘገበ የሚለው ቁጥር የተከልነውን ይነግረናል። ያጸደቅነውን ለማወቅ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ተመልሰን ወደ ሚዛኑ መሄድ አለብን። ያች እናት በኅዳር ወር ደረሰኟን ተቀብላ ከማጠፏ በፊት አንብባ፣ ቁጥሩ ሲሳሳት «ይህ ልክ አይደለም» ማለት ከቻለች፣ ፊደሉ ጸድቋል።

ይህ እንዲሆን የሚተጉትን ሁሉ፣ በኩራዝ ብርሃን ካስተማሩት ጀምሮ ዛሬ እስከሚደክሙት ድረስ፣ እግዚአብሔር ድካማቸውን ይቁጠርላቸው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችሁ ወይም በቀበሌያችሁ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው የተማሩ ሰዎች አሉን? ዛሬ ምን ያነባሉ? ካቆሙ ምክንያቱ ምንድን ነው?
2. በአካባቢያችሁ አንድ ጎልማሳ በአንድ ወር ውስጥ የሚያጋጥሙትን ጽሑፎች በዝርዝር ጻፉ። በየትኛው ቋንቋና ፊደል ናቸው? ከእነርሱ መካከል ለመጀመሪያ ትምህርት የሚሆነው የትኛው ነው?
3. የአካባቢያችሁ የሥራ ወቅት ለትምህርት የሚመቸው መቼ ነው? አሁን ያለው የጎልማሶች ትምህርት ጊዜ ከዚህ ጋር ይስማማልን?
4. የሰበካ ጉባኤው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱና እድሩ ያለ ተጨማሪ ገንዘብ ለአዲስ አንባብያን የሚነበብ ነገር ማቅረብ የሚችሉት በምን መንገድ ነው?